ሊቀ ዶሴ እና የአያቴ ፍሬን

በዚህ ዓለም የማያልፍ ሥልጣን ቢኖር የመዝገብ ቤት ሹም ሥልጣን ብቻ ነው። ሚኒስትር ይሻራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይነሳል፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ግን ያንኑ ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣ ቁልፉን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ እዚያው ተቀምጧል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የልደት ወረቀት ፍለጋ ሄዳችሁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያችሁ «ቁጥር አለው?» ያላችሁ እሱ ነው። እኔ የገጠመኝ ግን የሁሉም አለቃ ስለሆነ በማዕረጉ ልጥራው፦ ክቡር ሊቀ ዶሴ። ከአሁን በኋላ ይህን ሰው «እሳቸው» ስል የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ መሆኑ ይታወቅልኝ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የከተማችን የሳሙና ፋብሪካ የመጀመሪያ ሾፌር ነበሩ። የፋብሪካው የመጀመሪያ የጭነት መኪናም በእሳቸው እጅ ወንዝ ገባች። እሳቸው ዋኝተው ወጡ፣ እሷ እዚያው ቀረች። ኩባንያው «ሾፌሩ ፍሬን በጠሰ» ብሎ አባረራቸው፤ ሰፈሩ ደግሞ «ፍሬን በጣሹ» የሚል ስም አወጣላቸው። እስኪሞቱ ድረስ መሪ አልጨበጡም። እናቴ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚጠሯት «የፍሬን በጣሹ ልጅ» እያሉ ነው። ዛሬ ሰማንያ አንድ ሞልቷታል፤ ስሙ አሁንም ያማታል።

ይህ አልበቃ ብሎ ፋብሪካው ሰማንያኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ የታሪክ መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሳ። ረቂቁን ያየ ዘመድ እንደነገረን፣ ሾፌሩ በጉልበቱ ፍሬን የበጠሰበት ታሪክ ለማሳቂያ ገብቷል። እናቴ ይህን በሰማች በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ።

«ሂድና ዋናውን መዝገብ እይ» አለችኝ። «አባቴ ነገር የሚበጥስ ሰው አልነበረም። ጫማውን እንኳ ክሩን ሳይፈታ አያወልቅም።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ፋብሪካው መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሊቀ ዶሴ ከምድር ቤቱ ጥግ፣ እስከ ጣሪያ በተከመረ ዶሴ መሃል ተቀምጠዋል።

«ቁጥር አለው?»

«ቁጥሩን አላውቅም።»

«ቁጥሩ መዝገቡ ላይ ተጽፏል።»

«እሺ፣ መዝገቡን ያሳዩኝ።»

«ያለ ቁጥር?»

አያችሁ? በር ላይ ቆሞ «ቁልፉ ውስጥ ነው፣ ገብተህ አምጣ» እንደማለት ነው። ረቡዕ ከዋናው ቢሮ ደብዳቤ አጽፌ፣ ቁጥሩንም አፈላልጌ ተመለስኩ። ሊቀ ዶሴ ደብዳቤውን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው ተመለከቱትና «ማህተሙ ፊርማውን አልነካም» አሉ። በእርግጥም አልነካም፤ የጣት ስፋት ያህል ርቋል። ለዚያች ጣት ስፋት አራት ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። ስመለስ ምሳ ሄደዋል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ መዝገቡን ሳይሰጡኝ ወሬውን መስጠታቸው ነው። ስለዚያ ዘመን መኪና የማያውቁት የለም፤ ያውቃሉና ሰው አይሰሙም።

«ለመሆኑ ያኔ መኪና እንዴት ዳገት ይወጣ እንደነበር ያውቃሉ?» ይሉኛል።

«አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም! መዝገቡን!»

«በኋሊት! ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚፈሰው በራሱ ቁልቁል ስለሆነ፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ሲዞር ይቋረጥባታል። ስለዚህ ዳገቱን ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትወጣው። ካላማዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ሲጠፋ ደግሞ ጎማው ውስጥ ጭድ ይጠቀጥቁ ነበር። ሞተሩን በእጅ በሚያዞሩበት ብረት፣ በማኖቬላ፣ ሲቀሰቅሷት ስንት ክንድ ሰብራለች መሰልዎት?»

የእሳቸውን ክንድ ብሰብር ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድብኝ ነበር የማሰላው። መጽሐፉ በሚቀጥለው ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ እሳቸው ጭድ ይጠቀጥቃሉ።

ዓርብ ጠዋት ማህተሙም ፊርማውም ተነካክተው ደረስኩ። ሊቀ ዶሴ ተነስተው ቆዳው የተላጠ መዝገብ አመጡ። ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወሉ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ፣ ገለጡ፣ ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ቀና አሉና፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አያትዎ ሴት ነበሩ?» አሉኝ።

ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ሰባ አራት ዓመት የተሰደበው ቤተሰብ ይህችም ቀርታበት ነበር? ካፖርታቸውን አንገቱ ላይ ጨምድጄ «ምን አሉ? ይድገሙት!» አልኩ።

«ኮሌታዬን ይልቀቁና ያንብቡ» አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ። ከመዝገቡ መሃል አንድ ወረቀት መዘዙ። «ይህ ዋናው ቢሮ የሚጠቀምበት የታይፕ ግልባጭ ነው። ‹ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን በጠሰ፤ ወንዝ ገባች› ይላል። ይህ ደግሞ በዚያው ቀን በእጅ የተጻፈው ዋናው።»

አነበብኩ። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፤ ጽሕፈቱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን በጠሰች፤ ወንዝ ገባች።»

በጠሰች። መኪናዋ ናት! የአንድ ታይፒስት ጣት አንዲት «ች» ዘለለች፤ በዚያች ዝላይ የአንድ ሰው ዕድሜ፣ የአንዲት ልጅ ስም ተበላሸ። ሰባ አራት ዓመት ማንም ዋናውን ገልጦ አላየም።

«አልጨረስንም» አሉ ሊቀ ዶሴ። ከአደጋው ጽሑፍ በላይ፣ በዚያው ገጽ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት አያቴ በራሳቸው እጅ «የመኪናዋ ፍሬን አልቋል፤ ይለወጥልኝ» ብለው ጽፈዋል። ከእያንዳንዱ ጎን የያኔው ሥራ አስኪያጅ በቀይ ቀለም «ይቆይ» ብሎ ፈርሟል። ሦስት ጊዜ ይቆይ! ፈራሚው በጡረታ ተሸኘ፤ አያቴ ፍሬን በጣሹ ሆኑ። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ለሞተ ሰው ስድብ አወረድኩ።

ከዚያ ሊቀ ዶሴ መዝገቡን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወደ ላይ ወጡ። እኔም ተከተልኩ። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ገጹን አይተው ፈገግ አሉ።

«ይሄ ሁሉ ለአንዲት ፊደል ነው? ደግ፣ ‹ች›ዋን እናስገባ። ‹ይቆይ› የሚለውን ግን እንተወው፤ በዓል ነው፣ ምን ያደርጋል?»

«አንድ ገጽ ላይ ነው ያሉት» አሉ ሊቀ ዶሴ። «ሁለቱም ካልገቡ መጽሐፉ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሯል ብዬ አልፈርምም።»

«ለጡረታህ ስንት ወር ቀረህ?»

«አራት።»

«ዛሬም ሊሆን ይችላል።»

«ይቻላል። ያለ እኔ ፊርማ ግን ማተሚያ ቤቱ አይቀበላችሁም።»

ሊቀ ዶሴ ይህን ሲሉ መዝገቡ ከደረታቸው ንቅንቅ አላለም። መጽሐፉ የዋናውን ገጽ ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ፣ ከነ«ች»ው፣ ከነቀዩ «ይቆይ»። በዚያው ሳምንት ሊቀ ዶሴን አሰናበቷቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገለ ሰው በሁለት መስመር ደብዳቤ! ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይግላል። አሁን «የመዝገብ ቤት ሹም ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሰው አጠገቤ ባይቀመጥ ይሻለዋል።

መጽሐፉን ለእናቴ ያመጡላት ራሳቸው ናቸው። አልጋዋ ላይ ደገፍ አደረግናት። ጣቷን ከፎቶግራፉ ሥር እያስኬደች፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀስ ብላ አነበበች፦ «ፍሬን... በጠሰ... ች።» ጣቷ ‹ች›ዋ ላይ ቆመ። እኔ እንባዬን ልደብቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሊቀ ዶሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያጽናኗታል ብዬ ስጠብቅ፣

«እናቴ፣ ‹ች›ዋ ጠብቃ ነው የምትነበበው» አሉ።

እናቴ አፍጥጣ አየቻቸው። ከዚያ «መስኮቱን ክፈትልኝ» አለችኝና፣ እነዚያ በስሟ ሲስቁባት ያደጉት ጎረቤቶች፣ የሞቱትም ያሉትም እንዲሰሙ፣ እስክትጠብቅ ድረስ አጥብቃ አነበበቻት።