የመነኩሴው ደስታና የብራናው ብል

(በሰሜን እንግሊዝ፣ ከአንድ ካቴድራል ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለች የጥራዝ ክፍል። ውጭ ዝናብ ነው። አሮጌው ምሁር ዶክተር ኦስዊን የጥንት ቃላት እየቆጠሩ የመዘገቡባቸውን የካርድ ሣጥኖች የጠራዧ የዶርካስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። እሷ ለጥገና የፈታችውን የብራና መጽሐፍ መዘርጊያ አጥታ፣ አንሡልኝ ካለች ሩብ ሰዓት አልፏል።)

ዶክተር፦ የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ስንት ይሆናል ትያለሽ?

ዶርካስ፦ የእርስዎ ሁለት ሣጥን ነው። ሙጫዬ ሳይደርቅ ያንሡልኝ።

ዶክተር፦ አርባ ዓመቴን ነው ሣጥን የምትዪው። የዛሬ ሺህ ዓመት ይህን የፈታሽውን ውዳሴ የጻፈው መነኩሴ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ቅጠሎች «ደስታ» የሚለውን ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፏል። በመጨረሻዎቹ ስምንት አንድም የለም። «ብርድ» ብቻ።

ዶርካስ፦ ክረምት ገብቶበት ይሆናላ።

ዶክተር፦ (በትዕግሥት) ተስፋ ቆርጦ ነው፣ የኔ እመቤት። ቃላቱ ይመሰክራሉ። መጽሐፌም ይህንኑ ይዞ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።

(በወጣትነታቸው ማርጀሪ የምትባል የኦርጋን መምህርት እንጋባ ስትላቸው፣ መነኩሴውን ጠቅሰው «መጨረሻው ብርድ ነው» ብለው እንደመለሷት ለሦስተኛ ጊዜ ይተርካሉ። ዶርካስ ቅጠሎቹን ወደ መብራቱ እያነሣች ታደምጣለች።)

ዶርካስ፦ እኔ እንኳን የድሮውን፣ የዛሬውንም ጋዜጣ በግድ ነው የማነበው። ግን ይችን ቀዳዳ አይተዋታል?

ዶክተር፦ ብል ነው። ብልን ከቅኔ ጋር ምን አገናኘው?

ዶርካስ፦ ብል ከእንጨቱ ሽፋን፣ ከገበታው፣ ይነሣና ቀጥ ብሎ ይበሳል፤ ቅጠል አይዘልም። ፊተኛው ገበታ፣ ያው የጥንቱ፣ ተበስቷል። ከቅጠሎቹ የተበሱት ግን የብርዶቹ ናቸው። የደስታዎቹን አልነካቸውም።

ዶክተር፦ ታዲያ?

ዶርካስ፦ ታዲያማ ከገበታው ቀጥለው የነበሩት እነሱ ናቸዋ። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት እንደገና የጠረዘው ሰው፣ እንደኔው የማያነብ ይሆናል፣ የኋላውን ፊት አደረገው። ብርዱ መጀመሪያ ነበር። መነኩሴው ደስ ብሎት ነው የጨረሰው።

(ዶክተሩ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።)

ዶክተር፦ ቀዳዳዋን አይቻት ነበር። ካርድ አላወጣሁላትም።

ዶርካስ፦ ሴትየዋስ?

ዶክተር፦ የልጅ ልጆቿ ሳይቀሩ ኦርጋን ይመታሉ።

(ዶርካስ ክሯን በሰም አሽታ መርፌው ውስጥ ከተተች።)

ዶክተር፦ ዶርካስ፣ እባክሽ። እስከ ሐሙስ ብቻ፣ እንደነበረ አድርገሽ ስፊልኝ።

(ዶርካስ የብርዱን ቅጠሎች ከፊተኛው ገበታ ጋር መስፋት ጀመረች።)