የውስጥ አድራሻ

ማስተዋል ደመረው ለኔትወርክ ባለሙያነት ፈተና የምትለማመደው ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የተገዙ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ደርድራለች። ሦስቱን በወንድሞቿና በእህቷ ስም ሰይማ ስሙን በፕላስተር ለጥፋባቸዋለች፤ ሙሉቀን፣ ይታያል፣ ፋናዬ። አራተኛው ላይ ምንም አልጻፈችም።

በአራቱና በውጭው መስመር መካከል አንዲት ራውተር አለች። የአራቱ አድራሻ ከግቢ ውጭ አይታወቅም፤ ስለዚህ አንዱ መልእክት ሲልክ ራውተሯ የላኪውን አድራሻ ትሸፍንና የራሷን ታለብሰዋለች። ውጭ ያለው የሚያየው አንድ አድራሻ ነው። ከኋላው ስንት እንዳሉ፣ ከየት እንደመጡም አያውቅም።

አቶ ደመረው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አራቱም ልጆች በእሳቸው ስም ነው ትምህርት ቤት የገቡት። የመጨረሻዋ ማስተዋል ግን፣ የአቶ ደመረው ታናሽ ወንድም የሆነው አባቷ ከሄደበት ሳይመለስ ሲቀር፣ በጋቢ ተጠቅልላ እንደመጣች ሰፈሩ ያውቃል። በዚያ ጊዜ የሰውየውን ስም መጥራት ለልጅቷ አደጋ ነበር፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ደግሞ ዝምታው ልማድ ሆነ። ማስተዋል ይህን ያህሉን ሰምታለች። ስሙን ግን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ብጠይቅ ባዳ እሆናለሁ ብላ ትፈራለች። ዘንድሮ ደግሞ አቶ ደመረው መርሳት ጀምረዋል።

ዛሬ ከኮምፒውተሮቹ መልእክት ይወጣል፤ መልስ ግን አይመጣም። ወንድሟ ይታያል ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ።

«አሁንም ዝም አለሽ?»

«አንተ መጀመሪያ እግርህን ጥረግ።»

«ያ ስም የለሹ ነው የሚያበላሸው» አለና ወደ ጓዳ አለፈ። ለቀልድ ነበር። አቶ ደመረው ግን ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

ማስተዋል ሥራዋን ከመጀመሪያው መመርመር ያዘች። ራውተሯ የትኛው ወገን ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ ሊነገራት ይገባል። ጥፋቱ እዚያ ነበር።

«የውስጡን ውጭ ብዬዋለሁ» አለች ለራሷ።

«ማን አለሽ?» አሉ አቶ ደመረው።

«ማንም አላለኝም፣ አባባ። ራሴ ነኝ።»

«በይ አስተካክዪው።»

አስተካከለችው። መልሱ ለእያንዳንዱ መጣ፤ ስም ለሌለውም መጣ።

አዛውንቱ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ውጭ የሚታወቀው አንድ ስም ከሆነ፣ መልሱ የማን እንደሆነ ራውተርሽ በምን ትለያለች?»

«ማን እንደጠየቀ ታስታውሳለች። እንደ ፖስታ ሣጥናችን ናት። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ቤት ገብቶ የሚያድለው ግን የማን እንደሆነ ያውቃል።»

«ያልጠየቀስ?»

«ከውስጥ ያልጠየቀ አይደርሰውም። ከውጭ መጥቶ ቢያንኳኳም አታስገባም።»

«ጨካኝ ናት እንግዲህ።»

«አይደለችም፣ አባባ። ውስጥ ያሉትን የምትጠብቀው እንደዚያ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እስከ መቼ ታስታውሳለች?» አሉ አቶ ደመረው።

«መብራት እስኪጠፋ» አለች ማስተዋል።

አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

«እንግዲያስ ሳይጠፋ መጠየቅ ነዋ» አሉ አቶ ደመረው።

እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ከጠረጴዛው ላይ ፕላስተርና እስክሪብቶ ወሰደች።

«አባባ፣ አራተኛውን ማን ልበለው?»

አቶ ደመረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስሙ የጠፋቸው መሰላት። ከዚያ እጃቸውን በባዶው ኮምፒውተር ላይ አሳረፉ።

«ታረቀኝ በዪው» አሉ። «የውስጥ ነው። ወደ ውጭ ሲወጣ ግን፣ ካልከበደሽ፣ በእኔው ስም ይውጣ።»