የእንባ ማስረጃ በጽናት ቢሮ

አገር ይስማ! ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን ትተን ክብሩን እንናገርለትና፣ የተማሪዎችን ሥነ ልቦናዊ ጽናት የሚገነባ ቢሮ አቋቋመ። ወዲያው ውሃ ጠፋ፤ ተማሪው ሳይታጠብ ተማረ። ጽናት ነው ተብሎ ተጨበጨበ። ሽሮው ቀጠነ፤ ተማሪው መልኩን እያየበት በላ። ይኸም ጽናት ተባለ።

ተማሪዋ ሩት ላይ ግን ጣጣ መጣ። ሆስፒታል እናቷን ስታስታምም የማጠቃለያ ፈተናው አለፋት። ምትክ ፈተና ካልተፈቀደላት መባረሯ ነው። ፈቃጁ ደግሞ ያው የጽናት ቢሮ ነው።

«የሐኪም ወረቀት ይዣለሁ» አለች ለቢሮው ኮሚቴ ሰብሳቢ ለዶክተር ነቢዩ።

«ወረቀቱ የእናትሽን መታመም እንጂ ያንቺን መሰበር አያስረዳም። ምትክ ፈተና የሚሰጠው ጽናቱ ለተሟጠጠ ተማሪ ብቻ ነው።»

«መሟጠጡ በምን ይታወቃል?»

«በእንባ ነዋ! ኮሚቴው ፊት፣ በግልጽ የሚታይ።»

ሩት ዓይኗን ጨፈነች፤ ክንዷን ቆነጠጠች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቷ እንዳይደነግጡ አልጋቸው አጠገብ ስትስቅ ከርማ፣ እንባዋ የት እንደገባ ጠፍቷታል።

«ድንቅ ጽናት!» አሉ ዶክተሩ እጇን ጨብጠው። «ማመልከቻሽ ውድቅ ሆኗል።»

ሩት ይግባኝ ብላ አክስቷን ይዛ ተመለሰች። እትዬ የሺሐረግ በአቃቂ በሰቃ ስመ ጥር አልቃሽ ናቸው፤ አንዴ ሟቹን ራሱን አስለቅሰውታል ይባላል።

«እርስዎ የልጅቷ ምኗ ነዎት?»

«አክስቷም ወኪሏም ነኝ። እሷ እንባ አጥታለች፤ እኔ ሞልቶኛል።»

ኮሚቴው ተመካከረ። መመሪያው በወኪል ማልቀስን አይከለክልም። እትዬ የሺሐረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዶክተሩን ትክ ብለው እያዩ ደረታቸውን መቱ፦

«ዶክተር ነው ይሉታል ከሩቅ ያየው ሁሉ፣
በኪራይ አረጀ ዕጣ ወጣ ሲሉ!»

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቁ የሸበቱት ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! ኮሚቴው ተቃቅፎ ተነፋረቀ፤ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች፤ እንባው በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ወረደ፤ ለወራት ውሃ ያላየ ግቢ ያን ቀን ታጠበ።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው በማስታወቂያ ሰሌዳ ወጣ። የኮሚቴው አባላት ጽናት መሟጠጡ በዓይን ስለተረጋገጠ፣ በሙሉ ደሞዝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር እንዲያገግሙ ኮሚቴው ለኮሚቴው ፈቅዷል። በዕለቱ እንባ ያልታየባት አመልካቿ ብቻ ስለሆነች ጥያቄዋ በክብር ውድቅ ሆኗል፤ የዓመቱ ጽኑ ተማሪ ተብላም ተሰይማለች።

ሩት ሰሌዳው ሥር ቁጭ አለች። የጠፋው እንባ ያኔ መጣ፤ መጣ ብቻ! እየተንሰቀሰቀች ተነስታ የቢሮውን በር ደበደበች።

ጥበቃው አቶ ደበላ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ጎንበስ አሉላት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። አሁን ማን ያይልሻል? ሁሉም ሊያገግሙ ሄደዋል። በከንቱ አታፍስሺው፤ እስኪመለሱ ያዝ አድርጊው።»