ሁሉን ሜዳ የሚያደርገው ፀጉር አስተካካይ

በዓለም ላይ ከውሸታም የባሰ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ልባችሁ እንዳይደነግጥ ብሎ የሚዋሻችሁ ነው። ታውቁታላችሁ። መንገድ ስትጠይቁት «እዚችው ናት» ብሎ በአገጩ ጠቁሞ ግማሽ ቀን የሚያስኬዳችሁ እሱ ነው። ጥርስ ሊነቅል ጉጠቱን ይዞ «አይሰማችሁም» የሚላችሁ እሱ ነው። ቁም ሳጥን አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ሰው እንጥራ ስትሉት «ምን አላት፣ ሁለታችን እንበቃታለን» ብሎ ወገባችሁን የሚያስቀጫችሁም እሱው ነው። እኔ ይህን ዘር አልወደውም። ዛሬ የምጽፈውም ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ ጽሑፉ ያምር ነበር፤ አልጠበቅኩም።

የዚህ ዘር ንጉሠ ነገሥት የሚኖረው እኛ ከተማ ነው። ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። ሱቁ አስፋልቱ አልቆ የአፈሩ መንገድ በሚጀምርበት ጥግ ላይ ያለች የመጨረሻ ቤት ናት። ከዚያ ወዲያ ኮረብታ በኮረብታ ነው፤ በኮረብቶቹም ላይ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሁድ የተራራ ሳይክሉን ይዞ የሚወጣባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ። ውሃ የሚገኘው እሱ ዘንድ፣ የጎማ መንፊያ የሚገኘው እሱ ዘንድ፣ ስለ መንገዱ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ስለ የትኛውም መንገድ ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ሜዳ ነው።» እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሁላችንም «ሜዳነው» ነው የምንለው። ሚስቱ ሳትቀር «እኔንም ያገባኝ እንዲሁ ብሎ ነው» ትላለች።

በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ክቡር ሜዳነው በገዛ እጃቸው የሳሉት የመንገዶች ካርታ ይገኛል። በሩን ቀብቶ በተረፈው አረንጓዴ ቀለም ስለሠራው መንገዱም አረንጓዴ፣ ኮረብታውም አረንጓዴ፣ ወንዙም አረንጓዴ ነው። ሱቁን ከኮረብቶቹ ሁሉ አስረዝሞ ነው የሳላት። ለመንገዶቹ ስም ያወጣውም እሱ ነው። ድንጋዩ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመበትን ቁልቁለት «ምንጣፍ» ብሎታል። ላም እንኳ ዞራ የምታልፈውን ዳገት «ሽርሽር» ብሎታል። እነዚህን ሁለቱን የሚያስመሰግነውን፣ እየተጠማዘዘ እስከ ጫፍ የሚወጣውን ደግሞ፣ ጨክኖ፣ «አልጋ ባልጋ» አለው። እኔ መጀመሪያ የወጣሁት ጊዜ እውነትም አልጋ ላይ ነው የሰነበትኩት። ባለቤቴ ጉልበቴን በሙቅ ጨርቅ እየተኮሰች ስትስቅ አመሸች።

ፋርማሲስቱ ባገባ በሳምንቱ ሙሽሪትን ይዞ መጣ። «ቀለል ያለ፣ የሚያጫውት መንገድ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሜዳነው መቀሱን እንኳ ሳያስቀምጥ «ሽርሽርን ያዙ፤ እያወራችሁ ነው የምትጨርሱት» አላቸው። ወሬውስ አልቀረም፤ እኛ ታች ሆነን እንሰማው ነበር። ሲመለሱ እሷ ፊት ፊት፣ እሱ ሁለቱንም ሳይክል እየገፋ ኋላ ኋላ ነበሩ። ዛሬ ወልደው ከብደዋል፤ እሷ ግን በፀጉር ቤቱ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደዚያ ታዞራለች።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ኩሩ ሰው ናቸው። አዲስ ሳይክል ገዝተው፣ ሄልሜት አስረው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ምንጣፍን ወረዱ። ማለቴ መጀመሪያ ሳይክሉ ወረደ፣ ከዚያ መነጽሩ፣ በመጨረሻ እሳቸው። እያነከሱ ሊወቅሱት ሲገቡ ሜዳነው ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አሰረ፣ ፂማቸውን አረፋ ቀባ። «ፍሬን ይዘው ነበር?» አላቸው። ይዤ ነበር አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ፍሬን ምን ያደርግልዎታል?» ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ስለነበረ ርዕሰ መምህሩ አልተከራከሩም።

እኔ ግን ተከራክሬዋለሁ፤ ያውም ብዙ ጊዜ። «ይሄ እኮ ዳገት ነው» እለዋለሁ በጣቴ እያሳየሁ።

«ከታች ሆነህ ስለምታየው ነው፣ ወንድም ዓለም» ይለኛል።

«ከላይስ?»

«ከላይማ ቁልቁለት ነው።»

«ታዲያ ሜዳው የቱ ጋ ነው?»

«መሃል ላይ» ይላል፣ ሳያፍር።

ማዘጋጃ ቤት ድረስም ሄጃለሁ። በየመንገዱ መግቢያ ላይ ዳገቱን ዳገት የሚል ምልክት ይተከል ብዬ አመለከትኩ። ኃላፊዋ በጥሞና ሰማችኝ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ እውነትም ምልክት ተተከለ፤ ባለ ሁለት እግር፣ የሚያምር ሰሌዳ። ሄጄ ባነበው «ለሁሉም ዕድሜ ተስማሚ» ይላል። ይህን ከየት አመጣችሁት ብላቸው፣ አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ አማክረን ነው አሉኝ። ባለሙያው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ከሁሉ ይበልጥ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደግሞ ሰዉ ተመልሶ ወደሱ መሄዱ ነው። ቅዳሜ የረገመው እሁድ ጎማውን ሊነፋ እሱ ጋ ይሰለፋል። የኛው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሜዳነው «ዝናቡ ሊያባራ ነው» ብሎት ወጥቶ ካሜራው ጭቃ ጠጥቶ ተመለሰ፤ በሳምንቱ እዚያው ፀጉር ቤት በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አየሁት። ምን ነካህ ብዬ ብጠይቀው «ምን ላድርግ፣ ሌላው ሰው ሁሉ አትችልም ነው የሚለኝ» አለኝ። ይሄ መልስ ነው?

በርግጥ ሜዳነው ሰውን ለብቻው አይለቅም። የሚያመነታ ሰው ካየ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ደንበኛውን «መጣሁ» ብሎት ወንበር ላይ ትቶት ይነሳል። አንድ ፍሬን ብቻ ያላትን ከባድ ሳይክሉን ይዞ ከኋላ ይከተላል። «አለሁ፣ ሂድ፣ ሜዳ ነው» እያለ እስከ ጫፍ ድረስ ይነዳዋል። እኔ ይህን ከደግነት ቆጥሬለት አላውቅም። ሰው ሲያለቅስ በቅርብ ለማየት ነው ብዬ ነው የማምነው።

እስከዚህ ያለውን ብትስቁ አልቀየምም። ንዴቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባለቤቴን ዓምና ከሥራ ስትመለስ መኪና ገጭቷት ጭኗ ተሰበረ። ብረት ገባለት። ከዚያ በፊት እነዚያን ኮረብቶች ከኔ ይልቅ የምታውቃቸው እሷ ነበረች፤ እኔንም ሳይክል ላይ ያወጣችኝ እሷ ናት። በቅርቡ የአጥንት ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን አይቶ «አሁን ሳይክል መንዳት ትችያለሽ፤ ግን ሜዳ ላይ፣ ቀስ እያልሽ» አላት። እሷ ፊቷ በራ። እኔን ደግሞ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አቁሞ፣ ያ አጥንት ዳግመኛ ቢሰበር መራመዷን እንጃ አለኝ። ይህን ለሷ አልነገርኳትም። ቤት እንደገባን የሳይክሏን ፔዳሎች ፈትቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። ስፈታ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ከተሰበረች ወዲህ ምንም አለማለት ለምዳለች፤ እኔም ተስማምታ ነው እል ነበር። ምርኩዟን ይዛም እንኳ ደረጃ ስትወርድ ክንዷን እይዛለሁ። ስትታጠብ በር ላይ እቆማለሁ። ውሃ ልቅዳ ብላ ከተነሳች እኔ ቀድሜ እነሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከቢሮ ስመለስ ሳይክሏ የለም። የቁም ሳጥኑን አናት ብዳብስ ፔዳሎቹም የሉም። ወንበር ተስቦ ቁም ሳጥኑ ሥር ቆሟል፤ በዚያ እግሯ ወንበር ላይ ወጥታለች ማለት ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ወደ ላይ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ ደግሞ እኮ አምሮባታል» አለችኝ። ወደ ላይ። ሌላውን አልሰማሁትም።

ፀጉር ቤቱ ስደርስ አንድ ሰውዬ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። «መጣሁ ብሎኝ ሄደ» አለኝ። ወዴት ብዬ ብጠይቀው «ሴትየዋ ሜዳ የሆነ መንገድ የቱ ነው አለችው፤ አልጋ ባልጋ አላት» ብሎ የጋዜጣውን ገጽ ገለጠ።

እዚያ ቆሜ የተናገርኩትን ይህ ጋዜጣ አያትምልኝም። ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ። በየኩርባው የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ፖሊስ እጠራለሁ፣ ሱቁን አዘጋለሁ፣ ያንን አረንጓዴ ካርታ በኖራ እለቀልቀዋለሁ። አንዱ ኩርባ ላይ የባለቤቴ ምርኩዝ አጥር ተደግፎ ቆሟል። እሷ የለችም። ከሳይክሉ ወረድኩ።

የድንጋይ አጥሩን የሚጠግን ገበሬ ቀና ብሎ አየኝ። «ሴትየዋንና ሰውየውን ነው የምትፈልገው?»

«ደህና ናት?»

«እሷማ እየሳቀች ነው ያለፈችው። ምርኩዙን ከሳይክሏ ፈትታ ስንመለስ እወስደዋለሁ ብላኝ ነው። ሰውየው ነው እንጂ ፊቱ አመድ መስሏል።»

«ይበለው» አልኩና ምርኩዙን ጀርባዬ ላይ አስሬ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ስደርስ ያን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር የማወጣበት ትንፋሽ አልነበረኝም። ባለቤቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እግሯን ዘርግታ ብርቱካን ትልጣለች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፤ ላቡ በአንገቷ ይወርዳል። ሜዳነው ሳይክሏን ገልብጦ ካቴናውን ይነካካል። እኔን ሲያይ ከሳይክሉ ኋላ ሊደበቅ ሞከረ፤ ያን የሚያህል ሰው ከሳይክል ኋላ አይደበቅም።

«አንተ ሰው አይደለህም» አልኩት መናገር ስችል። «እግሯ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ሜዳ ብላ ብትጠይቅህ ገደል ታወጣታለህ? ብትወድቅስ? ያንን ምላስህን ይዘህ ሐኪም ቤት ልትመጣ ነበር?»

«ወንድም ዓለም፣ እኔ…»

«ወንድምህ አይደለሁም።»

ባለቤቴ ልጣጩን አስቀመጠች። «እሱን ተወው» አለች። «ዳገት መሆኑን አውቄ ነው የወጣሁት።»

«ሜዳ ነው ብሎሽ አይደል እንዴ?»

«ዓይን አለኝ እኮ። ይህን መንገድ አንተ ሳይክል ሳትነካ በፊት ነው የወጣሁት። እሱ ጋ የሄድኩት ሜዳ ነው የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዓመት ሙሉ ቤቱ ዳገት ሆኖብኛል። ደረጃው ዳገት፣ ወጥ ቤቱ ዳገት፣ ገላ መታጠቢያው ዳገት። ለምን መሰለህ? ብድግ ባልኩ ቁጥር ፊትህን አየዋለሁ። አንተ ስትደነግጥ እኔ እግሬን አላምነውም። ስለኔ የሚፈራ ሰው ሰለቸኝ። ይሄ ሰውዬ አይፈራም። ከታች እስከዚህ ድረስ ከኋላዬ ሲያወራ አንዴ እንኳ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።»

ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ግን ንዴቴ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግራ ገባው። ምርኩዟን ፈትቼ ሰጠኋት። ተቀብላ ድንጋዩ ላይ አጋደመችው፤ የብርቱካኑን ግማሽ እጄ ላይ አድርጋ «መውረጃውን አይቼው ልምጣ» ብላ ተነሳች። ታነክሳለች። ልነሳ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ብርቱካኑን በላሁት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሜዳነው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ባለቤቴ ወዳለችበት ዞር ብሎ አየና ቀደመኝ።

«ስማኝ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚህ ድረስ ትመጣለች አላልኩም። አጥሩ ጋ ይደክማታል፣ እንመለሳለን ብዬ ነበር። ምርኩዙን ስትተወው ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ጎማዋ ድንጋይ በነካ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከወደቀች በየት በኩል እንደምይዛት እያሰብኩ ነው የወጣሁት። አሁን ደግሞ መውረዱ አለ። ይሄ መንገድ ዳገት ነው እኮ፣ ወንድም ዓለም። ክፉ ዳገት ነው። በፍርሃት ልሞት ነበር።»

ስንት ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ላወጣ ለምኜዋለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፣ ማዘጋጃ ቤት ከስሼዋለሁ። ይኸው ዳገት ነው አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ባለቤቴ አፋፉ ላይ ቆማ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ቁልቁል ታያለች፤ ነፋሱ ደግሞ ከኛ ወደ እሷ ነው የሚነፍሰው።

ክንዱን ጨብጬ ያዝኩት።

«ዝም በል» አልኩት። «ትሰማሃለች።»