የፍሪጇ እናት

ዳንቴል ከምትሠራ ሴት ጋር ኖረው ያውቃሉ? እኔ እየኖርኩ ነው። ሆሳዕና ባለው ቤታችን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ሶፋው ላይ ብዙ ከተቀመጥኩ እኔንም እንዳትለካኝ እፈራለሁ።

ባለቤቴ ታደለች ይባስ ብላ የዳንቴል ሠሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አገኘች። እዚያ ፊቱን የሚያሳይ የለም፤ ፕሮፋይሉ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። የእሷ ፕሮፋይል ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥናችን ነው።

አንድ ጠዋት ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "የፍሪጇ እናት ሞቱ" አለችኝ።

"ፍሪጅ ደግሞ እናት አለው እንዴ?"

"ፕሮፋይሏ ፍሪጅ የሆነው፣ የሺንሺቾዋ! እዚህ ክር ሲጠፋ በሚኒባስ የላከችልኝ። ተነስ፣ ለቅሶ እንድረስ።"

ስሟን እንኳ የማያውቋት ሰው ለቅሶ እንዴት ይደረሳል? ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ የሚያውቀን አልነበረም። ሐዘንተኛዋ ግራ ገብቷት ስታየን ታደለች ጎንበስ አለችና፣ "እኔ የሆሳዕናዋ ቴሌቪዥን ነኝ፤ ጌታ ያጽናሽ" አለቻት።

ሴትየዋ ብድግ ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከወዲያ ጥግ ደግሞ ሌላ ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ "እኔም የጃጁራዋ ሶፋ ነኝ" ብላ ተነሳች። ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

እንደተመለስን ታደለች ጥቁር ክር ገዛች። ሠርታ ስትጨርስ ቴሌቪዥናችንን አለበሰችውና ፕሮፋይሏን ቀየረች።

እሁድ ኳስ ነበር። ሪሞቱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሐዘን የተቀመጠ ቴሌቪዥን እንዴት ይከፈታል?