የአቶ አጥናፉ ምርጊት

በየሰፈሩ ሠራተኛ መጥራትን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ሜክሲኮም አለ፣ ኦሎምፒያም አለ። መንግሥት ይለወጣል፣ አስፋልት ይቆፈራል፤ እሱ ከነመዶሻው ይኖራል። ለካዛንቺስ የደረሷት አቶ አጥናፉ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ እጃቸው ሥራ ተራበ።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት አቶ ኢያቄም ናቸው። ሁለቱ የሚኖሩት ለሁለት በተከፈለ አንድ ረጅም የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አቶ አጥናፉ ሚስማር ሲመቱ የአቶ ኢያቄም የሠርግ ፎቶ ይወድቃል። የጋራውን ቧንቧ የጠገኑ ጊዜ ግቢው ሦስት ቀን ከጎረቤት ውሃ ቀዳ። የዕድሩን ድንኳን ምሰሶ ካሻሻሉ ወዲህ ለቀስተኛው አንድ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። መልሳቸው ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ለዚችማ ሰው አይጠራም!»

በ1995 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በውጭ ግድግዳው ተነሡበት። እውነትም ምርጊቱ ረግፎ ነበር። ግንበኛ ቢሆን አንዱን ጎን ልጦ፣ መርጎ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ክቡርነታቸው ግን በአንድ ቅዳሜ የሁለቱንም ቤት ግድግዳ ገፈፉት። አቶ ኢያቄም ከደምበል ሲመለሱ ቤታቸው የጎድን አጥንቱን አውጥቶ ጠበቃቸው።

«አጥናፉ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ? የእኔንም?»

«ታዲያ ግማሹ ሙሽራ ግማሹ ለማኝ ይሁን? በሳምንት ያልቃል፣ በቃ!»

«መብርሂት ከሆስፒታል ከወጣች ገና አሥር ቀኗ ነው። ሳንባዋ ብርድ አይችልም። ክረምቱም ደረሰ...»

«እኔ እያለሁ?»

አቶ ኢያቄምን ያስፈራቸውም ይኸው ነበር፤ የእሳቸው መኖር።

ጭቃ አቶ አጥናፉን ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ሲሚንቶ ለወሱ፤ ሽቦ ሳይወጥሩ በቀጥታ ጭቃው ላይ ለሰኑ። ከዚያ በሚስማር መስመር አስምረው ብሎኬት አስመሰሉት። ቤቱ ለአራት ቀን ቪላ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ልስኑ ከነመስመሩ ተገንጥሎ ደጃፍ ላይ ተኛ።

አቶ አጥናፉ ፍርስራሹን ዞሩት። «መሬቱ ነው የተንቀሳቀሰው። አንተ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነህ፣ ታውቀዋለህ።»

የአቶ ኢያቄም ሚስት ወይዘሮ መብርሂት ከአልጋቸው እየሳሉ፣ «ኢያቄም፣ ሰውዬውን አትቆጣው። ግንበኛ ጥራ» አሉ።

ተጠራ። ጉተማ የሚባለው ግንበኛ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ጭቃ የሚቀበለው ጭቃ ነው። ጭድ ገብቶበት ሳምንት መቡካት አለበት። እኔ ደግሞ እስከ ሐምሌ ሥራ ይዣለሁ።»

አቶ አጥናፉ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ከሰዓት በኋላ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የጤፍ ጭድ ነሰነሱ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት። በየማለዳው ይረግጣሉ። ግቢው ከረፋ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ «መዝገብ ቤት በነበርክ ጊዜ ቢያንስ አትሸትም ነበር» ይሏቸዋል። እሳቸው ይረግጣሉ።

ሳምንቱ ሲሞላ መምረግ ጀመሩ፤ ከአቶ ኢያቄም በኩል፣ ከበሽተኛዋ ራስጌ። የአቶ ኢያቄም ወገን እንዳለቀ፣ የራሳቸው ሳይነካ፣ የሰኔ ዝናብ ከቀትር በኋላ ወረደ።

አቶ ኢያቄም በአልጋው ራስጌ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ጎብጧል፤ ሆድ አውጥቷል፤ ግን ውሃ አላስገባም። ወይዘሮ መብርሂት ሳይስሉ ተኝተዋል። በመስኮት ሲያዩ አቶ አጥናፉ ጃንጥላ ይዘው፣ በውጭ በኩል ያንኑ ግድግዳ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ከኋላቸው የገዛ ቤታቸው ላይ የሰቀሉት ላስቲክ በነፋስ ይራገባል፤ ውሃው በእንጨቶቹ መሃል ይገባል።

አቶ ኢያቄም በዘመናቸው ስሕተት ያልተገኘባቸው ብዙ ሰዎች አይተዋል። አብዛኞቹ የሰው ግድግዳ ነክተው አያውቁም ነበር።

በሩን ከፈቱ። «አንተ ሰው፣ ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«ውስጡ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«ትንሽ ጎበጥ ብላለች ግን።»

«ትጉበጥ። ሀብትነሽን ጥራትና ግቡ። ቤታችሁ እስኪመረግ እኛ ጋ ናችሁ።»

አቶ አጥናፉ ጃንጥላቸውን አጥፈው ደፉን ረገጡ። ከዚያ ቆም ብለው በሩን ወዲያና ወዲህ አሉት።

«ኢያቄም፣ የዚች በር ማጠፊያ ላልቷል።»

አቶ ኢያቄም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ነገ ታየዋለህ» አሉ፤ እየፈሩ፣ ግን ከልባቸው።