ባሌ ንጹሕ ሆኖ የገባ ሰሞን

ሌሎች ሴቶች ባላቸውን ሲጠረጥሩ ኮሌታው ላይ ሊፒስቲክ ይፈልጋሉ፣ ኪሱን ይፈትሻሉ፣ ሽቶ ያሸታሉ። ታድለዋል። አቤት ቢሉ ሰሚ አላቸው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ «ባሌ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ገባብኝ» የምትል ሴት ክሷን ለየትኛው ሽማግሌ ታቀርባለች? እኔ ግን የቀናሁት በዚሁ ነው።

ባሌ ታደሰ የመብራት ሠራተኛ ነው። ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን ከእሱ የበለጠ ተፈላጊ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አዲስ የመንግሥት ቢሮ በየጊዜው ይወለዳል፣ ቤቱ ግን ያው የድሮው ነው። አንዱ ሰፊ ክፍል በችፑድ ለሦስት ይከፈልና ሦስት ኃላፊዎች ይገቡበታል፤ ሦስቱም በዚያ ሙቀት የየራሳቸውን ቬንትሌተር ይፈልጋሉ። የአንዱ ዞሮ የሌላው ከዘገየ ነገሩ እስከ ስብሰባ ይደርሳል። ቅናት የሴት ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ችግሩ ያለው ስካቶላው ላይ ነው። ስካቶላ ግድግዳ ላይ ያለች፣ ሽቦዎች በብረት ቱቦ መጥተው የሚገናኙባት ሳጥን ናት። የድሮ ቤቶቹ ስካቶላ ደግሞ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ የተቀዳ ወፍራም ብረት። ለሁለት ቱቦ ብቻ ተበስቶ የመጣ ስለሆነ ሦስተኛ ሲጨመር ጎኑን መብሳት ግድ ይላል። በመዶሻ ቢመቱት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ታደሰ በትንሽ መሰርሰሪያ ይጀምራል፣ በትልቁ ያሰፋል፣ ከዚያ ቱቦው ተጠምዝዞ እንዲገባ ለቀዳዳው ጥርስ ያወጣለታል። ሌላው ብረት ሲበሳ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ጊዛ ግን እንደ ኩል የላመ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። ያ ዱቄት መጨረሻው የት ነው? የታደሰ ሸሚዝ ላይ። የታደሰ ሸሚዝስ? እኔ እጅ ላይ። ባሮ ወንዝ ወርጄ ሳጥብ ከእኔ በታች ያሉት ሴቶች ውሃው እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ታደሰንም ሆነ ጊዛን እየረገምኩ ነው የምመለሰው።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ታደሰ ከአንዱ አዲስ ቢሮ ሲመለስ ሸሚዙ ነጭ ነው። «ምን ስትሠራ ዋልክ?» አልኩት። «ስካቶላ ስበሳ» አለኝ። ማክሰኞም ነጭ። ረቡዕ ጭራሽ እጁ የእኛ ቤት ያልሆነ ሳሙና ሸተተኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያሉት ሰዎች ቀንተው አያውቁም፤ የእኔ ዝምታ ነቅዞ ሊፈረፈር ደርሶ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ራሴ አላነበብኩትም። አዎ፣ ቀናሁ፤ በደንብ አድርጌ ቀናሁ። ስካቶላ የበሳ ሰው ነጭ ሆኖ እንደማይገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ሐሙስ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ታደሰ መሰላል ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የለበሰው የማላውቀው ሰማያዊ ጋውን ነው። ከመሰላሉ አለፍ ብሎ አንዲት መለሎ፣ ጥርሰ በረዶ ሴት ታይፕ ትመታለች። የቢሮው ጸሐፊ አሪየት ናት አሉኝ። ቆንጆ ናት፤ እንድትሆን የፈለግሁት ግን እንዲያ አልነበረም።

«ጋውኑ የማን ነው?» አልኳት፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ።

«የእኔ ነው፣ እህቴ። ማታ ቤት ወስጄ አጥባለሁ። ለሱ ሳሙናም ሰጠሁ።»

ሴትዮዋ ጭራሽ አትደብቅም።

«ለምን ሲባል?»

አሪየት ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት አንስታ አሳየችኝ። ጥግ ላይ አምስት ጥቁር ጣቶች አርፈውበታል። ጣቶቹን አወቅኋቸው።

«ይሄ ወደ አቦቦ ወረዳ ይሄዳል። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይነካል። ደግሞ እመታለሁ፣ ደግሞ ይነካል። ባልሽ ጎበዝ ነው፣ ግን በጣም ቆሻሻ ነው። እኔ ያሳዘነኝ ወረቀቴ ነው።»

ተገላገልሽ ትሉኝ ይሆናል። ተገላግዬ ነበር፤ ወንበር ስባልኝ እስክቀመጥ ድረስ። ከዚያ ሌላ ንዴት መጣ። እንዴት? ይህን የመሰለ ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቆሞ የሚያሳዝናት ወረቀቷ ነው? ባሌ ምን ጎደለው? ቀጥሎ ታደሰ መሰርሰሪያ ሊቀይር ዞር ሲል ዓይኔ ጋውኑ ደረት ላይ አረፈ፤ ጥቁር ነው። እኔ ስንት ዘመን የረገምኩትን እድፍ ሌላ ሴት ሳትረግመው፣ ያውም ለወረቀት ብላ፣ ስታጥበው ሰንብታለች። የተወሰደብኝ ይሄ ነው፤ ባሌ አይደለም። እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም።

ማታ ሲገባ ቁጭ እንኳ ሳይል ነገርኩት።

«ከነገ ጀምሮ የገዛ ሸሚዝህን ልበስ። ለአሪየት ወረቀት ደግሞ መሸፈኛ ላስቲክ ውሰድላት።»

ታደሰ ግራ ገባው። «ስታጥቢ ስትማረሪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«አሁንም እማረራለሁ» አልኩት። «መማረሩ ግን የእኔ ነው።»

በማግስቱ ከሰል የጫነ መስሎ ገባ። ጎረቤት እስኪሰማ ተቆጣሁት። እሱ፣ ምን እንደገባው እንጃ፣ እየሳቀ ሸሚዙን አውልቆ ሰጠኝ።